ኋላ የቀረ መሪ፣ የዘገየ ቃል

ሜሪላንድ ውስጥ ባለ አንድ የውሻ ስፖርት ማሠልጠኛ ከሚመጡት ደንበኞች አንዷ የ71 ዓመት እናት ናቸው። ቀኝ ጉልበታቸው በቀዶ ሕክምና ተቀይሯል፤ የሚሄዱት በከዘራ ነው። ውሻቸው የሦስት ዓመት ቦርደር ኮሊ ነው። ስፖርቱ አጂሊቲ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ለንደን ውስጥ በክራፍትስ የውሻ ትርኢት ላይ ተመልካች ለማዝናናት ቀርቦ ነው የተጀመረው። ውሻው ዳኛው ባወጣው ቅደም ተከተል አግዳሚ ይዘላል፣ በቱቦ ይሾልካል፣ በዘንጎች መሐል ይሽሎከለካል፣ መወጣጫ ወጥቶ ይወርዳል። መሪው፣ ማለትም ውሻውን የሚያሮጠው ሰው፣ ሊነካው አይችልም፤ ያለው ድምፁና የሰውነቱ እንቅስቃሴ ብቻ ነው።

አንድ ማታ በልምምድ ላይ ውሻው ሦስተኛውን አግዳሚ ዘለለ። ቀጥሎ ወደ ቱቦው መግባት ነበረበት። እናትየዋ ግን ብዙ ሜትር ወደ ኋላ ቀርተዋል። ውሻው ዞሮ እየጮኸ ወደ እሳቸው ተመለሰና እግራቸው ሥር ገባ። ከዘራው በጎማው ወለል ላይ ተንሸራተተ፤ በጎናቸው ወደቁ።

እዚህ ላይ ሠራተኞቹ ያደረጉት ትክክል ነበር። አንዱ ውሻውን በማሰሪያ ያዘ። ሌላዋ ክንዳቸውን ይዛ ለመጎተት አልቸኮለችም፤ ጭንቅላታቸውን መትቷቸው እንደሆነ፣ ዳሌያቸውን ያማቸው እንደሆነ ጠየቀች፤ እግራቸውን ራሳቸው እንዲያንቀሳቅሱም አደረገች። ከዚያ የማይንሸራተት ወንበር ቀረበላቸው፤ ከተቀየረው ጉልበት ሥር ትራስ ተደርጎ፣ በጤነኛው እግራቸው ገፍተው ተነሡ። ክርናቸው ከመላላጡ በቀር ጉዳት አልነበረም።

ክርክሩ የመጣው ኋላ ነው። አንዲት ወጣት አሠልጣኝ፣ «እማማ፣ ለእርስዎ ደኅንነት ስል ነው፤ ውሻውን ሌላ ሰው ያሩጥልዎት» አለቻቸው። ዋናው አሠልጣኝ ግን በስልክ የተቀረጸውን ቪዲዮ ቀስ አድርጎ አጫወተው። «ቱቦ!» የሚለው ቃል የወጣው ውሻው መሬት ከረገጠ በኋላ ነበር። ፈጣን ውሻ በሴኮንድ 5 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ በሁለት መሰናክሎች መካከል ያለው ርቀት አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ሜትር ነው። ስለዚህ ቀጣዩን ለመናገር ያለው ጊዜ ከአንድ ሴኮንድ ብዙም አይበልጥም። ቃሉ የፊት እግሮቹ ለዝላይ ከመሬት ከመነሣታቸው በፊት መድረስ አለበት። በዚህ ረገድ ወጣት ሯጭም ከዘገየ ያው ነው፤ ልዩነቱ ሯጩ የዘገየውን ቃል በእግሩ ማካካሱ ነው።

ውሻው ወደ እሳቸው የተመለሰበት ሁለተኛው ምክንያት ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ውሻው ሽልማቱን ሁልጊዜ ከእጃቸው ስለሚያገኝ፣ ግራ ሲገባው የሚሮጠው ወደ እጃቸው ነው።

ማስተካከያው የተጀመረው በአንድ ፕላስቲክ በርሜል ነው። ከ1 ሜትር ርቀት ውሻው በርሜሉን እንዲዞር ይላካል፤ ምግቡ በሚሄድበት አቅጣጫ ፊቱ ይወረወርለታል፣ ከእጅ ፈጽሞ አይሰጠውም። ከ10 ሙከራ 8ቱ ከተሳኩ ርቀቱ በ30 ሳንቲሜትር ይጨምራል፤ ሁለት ጊዜ በተከታታይ ከሳተ በግማሽ ይቀነሳል። ልምምዱ ከ5 ደቂቃ አይበልጥም። በርሜሉ ሲሳካ አግዳሚ ይተካል፤ ከአግዳሚው 2 ሜትር አልፎ ባዶ ሳህን ይቀመጣል፣ ውሻው ሲዘል ረዳት ሰው ምግቡን ይጥልበታል። ምግቡ አስቀድሞ ሳህኑ ላይ ካለ ውሻው አግዳሚውን ዞሮ ሄዶ ይበላዋል፤ ያንንም ይማራል።

ብዙዎችን የሚያሰናክለው ጣት መቀሰር ነው። ውሻ ከጣት ይልቅ ትከሻንና የጫማ አፍንጫን ያነባል፤ እጅ ወደ ቱቦው ቢያመለክትም እግር ወደ ሌላ ከዞረ የሚከተለው እግሩን ነው። ውሻውን ልኮ ቀጥ ብሎ መቆምም እንደ ጥሪ ይቆጠራል። ሁለት ቀስ ያሉ እርምጃዎች ወደዚያው አቅጣጫ መቀጠል ይበቃል።

ለዝግተኛ መሪ ጊዜ የሚገዙ ቦታዎችም አሉ። አንዱ መነሻው ነው፤ ውሻው ተቀምጦ መጠበቅ ከቻለ መሪው ሦስተኛው አግዳሚ አጠገብ ድረስ ቀድሞ መሄድ ይችላል። ሌላው የመወጣጫው ጫፍ ነው። ቢጫ በተቀባው ክፍል ላይ ውሻው የኋላ እግሮቹን በሰሌዳው፣ የፊቶቹን በመሬት አድርጎ እንዲቆም ይሠለጥናል። ሳይቆሙ በሩጫ መውረድ ያምራል፣ ፈጣንም ነው፤ ግን በከዘራ ለሚሄድ ሰው አልመክረውም፤ እያንዳንዷ የሁለት ሴኮንድ ቆይታ ለእሱ ሁለት ሜትር ያህል ናትና። በ60 ሳንቲሜትር ልዩነት የተተከሉት 12ቱ ዘንጎች ደግሞ ሌላ ሥራ አላቸው። ውሻው የመጀመሪያውን በግራ ትከሻው በኩል አድርጎ ይገባል፤ ብዙ ውሾች መሪው ኋላ ሲቀር መጨረሻው አካባቢ ዘንጎቹን ሳይጨርሱ ይወጣሉ። መሪው አንዴ ከኋላ፣ አንዴ በጎን 5 ሜትር ርቆ ሳይንቀሳቀስ ቆሞ መለማመድ አለበት።

ከሁሉ በላይ ግን ቦታ መምረጥ ነው። ውሻው 8 ሜትር ራዲየስ ባለው ግማሽ ክብ ሲሮጥ 25 ሜትር ይሸፍናል፤ በውስጠኛው በኩል በ3 ሜትር ራዲየስ የሚሄድ ሰው 9 ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ሜዳውን ከውድድር በፊት ዞሮ ሲያዩ የሚጠናው ይህ ነው።

በተሽከርካሪ ወንበር ለሚመራ ሰው እጆቹ ጎማው ላይ ስለሆኑ «ግራ»ና «ቀኝ» የሚሉት ቃላት የግድ ናቸው። ውሻው መጀመሪያ ከቆመ ወንበር ጋር፣ ቀጥሎ በዝግታ ከሚንቀሳቀስ ወንበር ጋር ይለማመዳል፤ መዳፉና ጅራቱ ከጎማ እንዲርቁ ሽልማቱ ሁልጊዜ ከ1 ሜትር በላይ ርቆ ይወድቃል። ጠንካራ የጎማ ወለል ይመቻል፤ እርጥብ ሣር ግን የፊት ትናንሽ ጎማዎችን ይውጣል። በዚህ ዓይነት የሚወዳደሩ ሰዎች በአውሮፓ የራሳቸው የፓራ አጂሊቲ የዓለም ዋንጫ አላቸው። የትም ቢሆን ከዘራ ወይም ወንበር ይዞ ለመግባት አዘጋጁን ከመመዝገብ በፊት መጠየቅ ነው፤ በውድድሩ ዕለት ጠዋት ለዳኛ መንገር ይዘገያል።

እናትየዋ ክረምቱን በበርሜልና በሳህን አሳለፉ። በጸደይ ያንኑ ቅደም ተከተል ሲሠሩ «ቱቦ» ያሉት ውሻው ወደ ሦስተኛው አግዳሚ ገና እየቀረበ ሳለ ነበር፤ እሳቸው ከቱቦው 4 ሜትር ያህል ርቀው ነበሩ፤ ውሻው ወደኋላ ሳያይ ገባ። ወጣቷ አሠልጣኝ አሁን ሳህኑ ላይ ምግብ የምትጥልላቸው ረዳት ናት። አሁን የሚሠሩት ሚዛኑ ላይ ነው፤ ይህ ውሻው ሲሄድበት ወደ ሌላው ጫፍ የሚያዘነብል ሳንቃ ነው፤ ሳንቃው መሬት ሲመታ የሚያሰማው ድምፅ ውሻውን ስለሚያስደነግጠው ከሥሩ ወፍራም ፎጣ አድርገውለታል፤ ሲለምደው ፎጣውን በየጊዜው በአንድ እጥፍ ያሳንሱታል።