የቮልሷ መስታወት

ዛሬ አዳማ አንድ ጋራዥ ውስጥ ለአባቴ ቮልስ የፊት መስታወት ስናስገጥም ዋልን። በስንት ፍለጋ የተገኘ፣ ያገለገለ መስታወት ነው። ሽማግሌው መካኒክ ገና ሳይነኩት "የስንት ሞዴል ናት?" አሉ። የ1964፣ በፈረንጆቹ። ከ1965 ሞዴል ጀምሮ መስታወቱ ሰፋ፣ ትንሽም ጎበጥ ብሏል፤ የዚያ ከሆነ አይገባም። ደግነቱ ልኳ ሆነ።

ጎማውን በመስታወቱ ዙሪያ አለበሱት። በጎማው ቦይ ውስጥ ሲባጎ አዞሩና የሳሙና ውሃ ቀቡት። "በል ልጄ፣ ከውጭ በመዳፍህ ጫን በል። እንዳትመታው ብቻ!" እሳቸው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያሉ ሲስቡ፣ የጎማው ከንፈር ብረቱን እየተሻገረ ቁጭ አለ። ሙጫ የለ፣ ማሽን የለ።

መስታወቱስ ተፈልጎ ይገኛል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ሥራውን የሚያውቅ እጅ ነው። ረዳታቸው ግን ዓይኑን ሳይነቅል ሲያይ ነበር። "ጋሼ፣ የኋላውን ስንቀይር እኔ ልሳበው?"

"መጀመሪያ ሳሙናውን ጥረግ!"