በሸማ ላይ ማተም

ከሥራ ውጭ ያለኝን ሰዓት ለሊኖሊየም ቅርጽ (ለስላሳ ሰሌዳ ላይ ሥዕል ቀርጾ፣ ቀለም ቀብቶ ለማተም)፣ ለጨርቅና ለክር መስጠት ከጀመርሁ ወዲህ ሐሳቤን ሁሉ የያዘው፣ ጨርቅ እንደ ወረቀት የሰጡትን ሁሉ አሜን ብሎ የማይቀበል መሆኑ ነው። ወረቀት ላይ ሳትም ጠርዙ የጠራ፣ ጥቁሩ ድምቅ ያለ፣ ሁለተኛው ቅጂም ከመጀመሪያው የማይለይ እንዲሆን እጥራለሁ። ያንኑ ቅርጽ ነጠላ ላይ ሳሳርፈው ግን ሌላ ሥራ ሆኖ ይወጣል።

የያዝሁት ነጠላ ድሩ ከፋብሪካ የወጣ ቀጭንና እኩል ክር ሲሆን፣ ማጉ ግን በእንዝርት የተፈተለ ስለሆነ አንድ ቦታ ይወፍራል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል። ቀለሙ በወፈረው ክር ላይ ይቀመጣል፤ በሳሳው በኩል ደግሞ አልፎ ከሥር ወደተነጠፈው ጋዜጣ ይወርዳል። ሲደርቅ በጋለ ካውያ ተኩሼ ወደ መስኮቱ ብርሃን ስይዘው፣ የማላውቃት ፈታይ እጅ የት ላይ እንደጠበቀና የት ላይ እንደላላ በእኔ ኅትመት ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ይህን ባየሁ ቁጥር ደስታዬ ወደር የለውም። ከሥር የቀረውን ጋዜጣም አልጥለውም፤ የቅርጹ ጥላ ከዜናው ፊደላት ጋር ተቀላቅሎ ስለሚቀር፣ ቀድጄ አቡጀዲ ላይ እለጥፈውና ዙሪያውን በክር እሰፋዋለሁ።

እንዲህ ያለው ቅይጥ አሠራር ለአገራችን ሥነ ጥበብ እንግዳ አይደለም። በእንጨት ቅርጽ ኅትመቱ የታወቀው ትውልደ ጀርመናዊ ሐንሰን ባሂያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አዲስ አበባ በሚገኘውና አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተምሯል። ሠዓሊው ዘሪሁን የትምጌታ የቀርከሃ ስንጥቆችን ጎን ለጎን ደርድሮ በላያቸው ሥሏል። ከሁሉም በላይ የሚመስጠኝ ግን ከዐውደ ርእይ አዘጋጇ ከመስከረም አሰግድ ጋር ሆኖ በ2019 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ውስጥ የተከፈተውን ዞማ ሙዚየም ያቋቋመው ሠዓሊ ኤልያስ ስሜ ነው፤ በመርፌና በክር ብቻ ሸራ ሲሞላ ኖሮ፣ የልብስ ቁልፍና ቆርኪም ሲሰፋ ቆይቶ፣ በኋላ ከመርካቶ የተለቀሙ የኤሌክትሮኒክስ ሽቦዎችን እየጎነጎነ ከሩቅ ሲያዩት ከአየር ላይ የታየ የእርሻ መሬት የሚመስል ሥራ አውጥቷል። ቀርቦ ላየው ሰው እያንዳንዱ ሽቦ በትዕግሥት የተቀመጠ ነው፤ ሥራው ትልቅ የሆነውም በስፋቱ ሳይሆን በዚህ ትዕግሥት ይመስለኛል።

ኅትመትንና ሽመናን ማገናኘት ከጀመርሁ በኋላ ለራሴ ያወጣሁት አንድ ሕግ አለ፤ ጥለት በሊኖሊየም ላይ አልቀርጽም። ኅትመት በባሕርዩ ማባዛት ነው፤ አንድ ጊዜ የተቀረጸ ሰሌዳ ቀለም እስከተቀባ ድረስ ያንኑ ይደግማል። ሸማኔው ግን ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ክሩን በጣቱ እየለቀመ፣ በእግሩ እየረገጠ፣ ጥለቱን መስመር በመስመር ያወጣል። ዛሬ ገበያው ጥለት መስሎ በማሽን በታተመ ጨርቅ ተሞልቷል፤ ዋጋው ርካሽ ስለሆነ የሚገዛውን ሰው ልወቅሰው አልችልም፤ ሆኖም የሽሮ ሜዳ ሸማኔ የድካሙን ዋጋ የሚያጣው በዚሁ ምክንያት ስለሆነ፣ የእኔ እጅ ትንሽም ቢሆን በዚያ እንዲገባበት አልፈቅድም።

ስለዚህ ጥለት ሲያስፈልገኝ ከልብስ ሰፊዎች የተረፈ እውነተኛ ቁራጭ ገዝቼ ጨርቁ ላይ እሰፋለሁ፤ ቅርጼ የእንሰት ቅጠል ወይም የቆርቆሮ ጣሪያ ይሆንና በጥለቱ ዙሪያ ይታተማል። የተሰፋው ቁራጭ ከፍ ስለሚል ሰሌዳው አጠገቡ ያለውን ጨርቅ በደንብ አይነካውም፤ በመካከሉ ጠባብ ነጭ ዳር ይቀራል። በማንኪያ ጀርባ ጠንከር አድርጌ ባሸው ሊሞላ ይችላል፤ እኔ ግን የታተመውና የተሸመነው ተለይተው እንዲታወቁ ስለምፈልግ ሆን ብዬ እተወዋለሁ። በሽንኩርት ቅርፊት የነከርሁት ጨርቅ ላይ ይህ ዳር ወርቃማ ቡኒ ሆኖ ስለሚታይ ይበልጥ ያምራል። በእርድ የነከርሁት ደግሞ መጀመሪያ ዓይን ይስባል እንጂ ፀሐይ ሲመታው ቶሎ ስለሚደበዝዝ ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል ሥራ አልመርጠውም። ቀጥሎ ጋቢ ላይ ልሞክር አስቤያለሁ፤ ድርብና ወፍራም ስለሆነ ብዙ ቀለም መጠጣቱ አይቀርምና፣ ለእርሱ የሚሆነውን ሰሌዳ ከአሁኑ በጥልቀት መቅረጽ ጀምሬያለሁ።