የሦስተኛው ቀን ንዴትና የቡናው ነገር

ሲጋራ ያቆመ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሸነፈው በሳል ወይም በራስ ምታት አይደለም፤ ቤተሰቡ ላይ ከጮኸ በኋላ ነው። የልጆች ጫጫታ፣ የባጃጅ ጥሩምባ፣ ወጡ ላይ የበዛች ጨው፣ ሁሉም ያስቆጣዋል። በመጨረሻ ከቤቱ አንዱ «እንዲህ ከምትሆንስ ብታጨስ ይሻላል» ይለዋል። ይህች ቃል ስንቱን ወደ ሱቅ መልሳዋለች!

ንዴቱ ግን መነሻም መድረሻም አለው። ኒኮቲን፣ ማለትም ሱስ የሚያስይዘው የሲጋራው ንጥረ ነገር፣ በደም ውስጥ በየሁለት ሰዓቱ ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሳያልፍ መቁነጥነጥ ይጀምራል፤ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ይብሳሉ፤ ከዚያ እየረገበ ሄዶ አብዛኛው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ጭንቀቱ፣ ሆድ መባሱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሐሳብ አልሰበሰብ ማለቱ ሁሉ የዚሁ አካል ነው እንጂ ጠባያችሁ አልተበላሸም። «ሲጋራ ያረጋጋኛል» የሚባለውም ከዚሁ የመጣ ነው፤ የሚያቁነጠንጠው ያለፈው ሲጋራ ነው፣ ቀጣዩ ያንኑ ለጊዜው ያስታግሳል።

እንግዲህ የምታቆሙበትን ቀን ስትመርጡ ሦስተኛው ቀን የት እንደሚውል ቁጠሩ። ድግስ፣ የሥራ ግምገማ ወይም ረጅም ጉዞ ላይ አይዋል። ቤተሰብን ደግሞ አስቀድማችሁ ቁጭ አድርጋችሁ ንገሩ፦ «ሦስት ሳምንት ያህል ልነጫነጭ እችላለሁ፣ ሱሱ ነው። ስቆጣ ዝም ብላችሁ እለፉኝ፤ አጭስ ግን አትበሉኝ።» ከተጣሉ በኋላ ቢነገር ሰበብ ይመስላል።

አሁን ወደ ቡናው። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ በጎንደር ደግሞ ከምንም በላይ መታወቅ ያለበት ነገር ይህ ነው። የሲጋራ ጭስ (ኒኮቲኑ ሳይሆን ጭሱ) ጉበት ካፌይንን (የቡናውን ማነቃቂያ) የሚያፈርስበትን ኢንዛይም ያበዛል፤ ስለዚህ የሚያጨስ ሰው የጠጣው ቡና ቶሎ ከደሙ ይወጣል። ሲያቆም ኢንዛይሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀንሳል፤ ያው የለመደው ስኒ ግን አልቀነሰም። በደሙ ውስጥ ያለው ካፌይን ወደ እጥፍ ይጠጋል። ጠዋት፣ ቀትርና ማታ አቦል፣ ቶናና በረካ የሚጠጣ ሰው በቀን 9 ስኒ ነው። ልቡ ይመታል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። ከዚያ «ያለ ሲጋራ መኖር አልቻልኩም» ይላል፤ ያስቸገረው ግን ቡናው ነበር።

መፍትሔው ቡናውን በግማሽ መቀነስ ነው። ጨርሶ መተው አያስፈልግም፤ ድንገት ከተተወ የቡናው ራስ ምታት በሲጋራው ላይ ይደረባል። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ አትጠጡ። አቦሉን ጠጥታችሁ ስኒያችሁን መልሱ፤ «ልቤን ይመታኛል» ካላችሁ ማንም አይቀየምም፣ እውነትም ነው። ቆሎውን ግን አትለፉት፤ እጅንም አፍንም ሥራ ያስይዛል። ስትጠጡ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላችሁ ታጨሱ ከነበረ፣ ቦታችሁን ቀይራችሁ ወደ ውስጥ፣ ረከቦቱ አጠገብ ግቡ። (ኦላንዛፒን ወይም ክሎዛፒን የሚባሉትን የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ማቆሙን ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር፤ እነዚህንም የሚያፈርሳቸው ያው ኢንዛይም ስለሆነ መጠናቸው መስተካከል ሊኖርበት ይችላል።)

ሐራራው ሲነሳ የማያልፍ ይመስላል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ነው። ሰዓት እዩ፣ ከተቀመጣችሁበት ተነሱ፣ ውኃ ጠጡ። በአፍንጫ እስከ 4 ቆጥራችሁ አስገቡ፣ በአፍ እስከ 6 ቆጥራችሁ ቀስ ብላችሁ አስወጡ። ሲጋራ ሲሳብ ከሚሰማው እፎይታ ከፊሉ ይኸው ረጅም ትንፋሽ ነው። ለእጅ ደግሞ ከመፋቂያ የተሻለ አላየንም። የወይራ መፋቂያ ውፍረቱም ርዝመቱም ለጣት ይመቻል፣ ጫፉ ሲታኘክ መረር ይላል፣ ኪስ ውስጥም ሲጋራው ከነበረበት ቦታ ይቀመጣል። ወደ አዘዞ ወረፋ የሚጠብቅ የባጃጅ ሹፌር ቀኑን ሙሉ ሊይዘው ይችላል።

ፋርማሲ ውስጥ የኒኮቲን ማስቲካ ካገኛችሁ፣ ከእንቅልፍ በተነሣችሁ በ30 ደቂቃ ውስጥ የምታጨሱ ከነበረ ባለ 4 ሚሊግራሙን፣ ካለዚያ ባለ 2ቱን ያዙ። እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም። ቃጠል ሲያደርግ ጉንጭና ድድ መሃል ይቀመጣል፣ ሲጠፋ እንደገና ይታኘካል፣ እንዲህ እስከ 30 ደቂቃ። ቡና ከተጠጣ 15 ደቂቃ ይጠበቅ፤ አለዚያ ኒኮቲኑ በአፍ በኩል በደንብ አይገባም።

ከንዴቱ ሌላ ድብርትም ሊመጣ ይችላል፤ አንዳንዱ ወዳጅ እንደሞተበት ሰው ያዝናል። ማዘኑ ነውር አይደለም፤ ለብቻ ቤት መዝጋት ነው የሚጎዳው። በማለዳ ወደ ቁስቋም ወይም ወደ ጎሃ ዳገቱን በእግር መውጣት ስሜትንም እንቅልፍንም ያግዛል። ድብርቱ ከ2 ሳምንት በላይ ሳይቀንስ ከቆየ፣ ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ፣ ያን ዕለት ሐኪም ቤት መሄድ ነው፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ለቅሶ ቤትም ይፈትናል። ድንኳን ውስጥ ከሚያጨሱት ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፤ አልቅሱ፣ እንባው ይውጣ።

ለዐቢይ ጾም ብሎ የሚያቆም ሰው 55 ቀን ሲሞላ የሰውነቱን ሱስ ካለፈ ሳምንታት ተቆጥረዋል። ሆኖም ቀኑን የቆጠረው «ጾሙ እስኪፈታ» እያለ ከሆነ፣ በፋሲካ ዕለት ከመጀመሪያው መለኪያ አረቄ ጋር ይመለሳል። ለበዓሉ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ፦ መጠጡን ዝለሉት፣ መፋቂያው ኪስ ውስጥ ይኑር፣ ሊያጨሱ ወደ ደጅ ከሚወጡት ጋር አትውጡ። አንድ ፍሬ ካመለጣችሁ «አለቀልኝ» ብላችሁ ፓኮ አትግዙ፤ ቀሪውን ጣሉት፣ ከማን ጋር፣ በስንት ሰዓት፣ ምን ስትጠጡ እንደነበረ ጻፉ፣ በዚያው ምሽት ቆጠራውን ቀጥሉ።