ሜርኩሪ በፀሐይ ፊት ስታልፍ እንዴት እንዳየኋት

ኅዳር 1 ቀን 2012 ዓ.ም. ሰኞ ነበር። ፕላኔቷ ሜርኩሪ የፀሐይን ፊት መንካት የምትጀምረው በእኛ አቆጣጠር 9:35 ላይ ነው። ተሻግራ ለመጨረስ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጅባታል። አዲስ አበባ ላይ ግን ፀሐይ 12 ሰዓት ገደማ ስለምትጠልቅ ግማሹን እንኳ አናይም። ስለዚህ ከቴሌስኮፑ በፊት ያሳሰበኝ ቦታው ነው። ወደ ምዕራብ የሚከልል ፎቅ መኖር የለበትም። የተከራየሁበት ቤት ጣሪያ ላይ ያለው ልብስ ማስጫ እስከ ወጨጫ ተራራ ድረስ ወለል አድርጎ ያሳያል፤ አንሶላዎቹን አስነስቼ እዚያው ሰፈርኩ።

ቴሌስኮፑ ርካሽ ነው፣ ሌንሱ 70 ሚሊ ሜትር። አብሮት የዓይን ሌንሱ ላይ የምትጠመዘዝ ጥቁር «የፀሐይ ማጣሪያ» መጥታ ነበር። ወዲያው ጣልኳት። ትልቁ ሌንስ የሰበሰበው ሙቀት የሚያርፈው እሷ ላይ ነው፤ ድንገት ከተሰነጠቀች ዓይን አለቀለት። የመረጥኩት ምስሉን ነጭ ወረቀት ላይ መጣል ነው። በቱቦው ውስጥ ማንም አያይም፣ ሁሉም ወረቀቱን ያያል። ማነጣጠሪያዋን ትንሽ ቴሌስኮፕም ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ። ልጆች ባሉበት ክዳን አይታመንም።

ፀሐይዋን ሳያዩ ማነጣጠር ቀላል ነው። የቱቦው ጥላ እያጠረ ሄዶ ክብ ሲሆን ገባች ማለት ነው። ወረቀቱን ካርቶን ውስጥ ለጠፍኩት፣ ጥላ እንዲሆንለት። ስታርቀው ምስሉ ይተልቃል፣ ግን ይደበዝዛል። 15 ሴንቲ ሜትር ስፋት ላይ ተውኩት።

ዋናው ጣጣ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ግንቦት 29 ቀን 2004 ዓ.ም. ማለዳ ቬኑስ ስታልፍ ያዩ ሰዎች እንደዚያ ያለ ጉልህ ነጥብ ነው የሚጠብቁት። ቬኑስ የፀሐይን ስፋት አንድ ሠላሳ ሁለተኛ ያህል ታክል ነበር። ሜርኩሪ በዚያን ቀን መቶ ዘጠና አራተኛዋን ብቻ ነበረች። በእኔ ወረቀት ላይ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አትሞላም። ጎረቤታችን እትዬ አጎንብሰው ብዙ ቆዩና፣ «ልጄ፣ አንድ ፍሬ ጤፍ ልታሳየኝ ነው ይህን ሁሉ ደረጃ ያስወጣኸኝ?» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። እ.ኤ.አ. በ1631 የሥነ ፈለክ ሊቁ ኬፕለር ቀድሞ ባሰላው መሠረት ፓሪስ ላይ የጠበቃት ፈረንሳዊው ጋሴንዲም፣ እሱም ምስሉን ጥሎ ነበር የሚያየው፣ ከማነሷ የተነሳ መጀመሪያ የፀሐይ ነጠብጣብ፣ ማለትም ፀሐይ ራሷ ፊቷ ላይ የምታወጣው ጥቁር ቦታ፣ መስላው ነበር።

እና ሜርኩሪ መሆኗን በምን ታውቃለህ? ወረቀቱን አንቀሳቅሰው። ነጥቡ አብሮ ከሄደ የወረቀቱ እድፍ ነው። የዓይን ሌንሱን ዙር አድርገው። ነጥቡ አብሮ ከዞረ አቧራ ነው። የእኔዎቹ ሁለት ነጥቦች እንዲህ ተጋለጡ። ሦስተኛዋ ግን ንቅንቅ አላለችም፤ ከፀሐይዋ ጋር ብቻ ትሄዳለች። የቀረው ጥርጣሬ የፀሐይ ነጠብጣብ ነው። እሱ ፊቷን ለመሻገር ሁለት ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል፤ ሜርኩሪ ግን በሩብ ሰዓት ውስጥ ወረቀቴ ላይ ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ትራመዳለች። ክቡን በእርሳስ አስምሬ፣ ፀሐይዋን እየመለስኩ እሱ ውስጥ አስገባና ነጥቧን ምልክት አደርጋለሁ። ምልክቶቹ ሲደረደሩ እትዬም ዝም አሉ። እንዲያውም «አሁንስ የት ደረሰች?» እያሉ ሁለቴ ተመልሰው ወጡ።

ፀሐይዋ ወደ ወጨጫ ስታዘቀዝቅ ጠርዟ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ነጥቧም ጠፋች። ያንኑ ካርቶን ሰኔ 14 ለፀሐይ ግርዶሹ ተጠቀምኩበት፤ ለዚያ እንኳ ምንም ማስረዳት አላስፈለገም።

ቀጣዩ የሜርኩሪ ማለፍ ኅዳር 4 ቀን 2025 ዓ.ም. ነው። ቅዳሜ ላይ ይውላል። ከጠዋቱ 3:40 ገደማ እስከ ቀኑ 8 ሰዓት አለፍ ብሎ ስለሆነ፣ ደመና ካልመጣ ሙሉውን እናያለን። ፀሐይዋ አናት አካባቢ ስለምትሆን የምዕራቡ ነገር አያሳስብም። ቱቦው ግን ሽቅብ ስለሚቀና ወረቀቱ መሬት ላይ ሊሆን ነው፤ ለዚህ የእኔ አጭር ማቆሚያ አይበቃም።