ቱር ዲቫይድን በካርታ ላይ መከታተል፦ የምሠራበት መንገድና ከስህተቴ የያዝኩት

ቱር ዲቫይድ የሚባለው የብስክሌት ውድድር ከካናዳዋ ባንፍ ተነስቶ የሮኪ ተራሮችን ተከትሎ ወደ ደቡብ ይወርድና ኒው ሜክሲኮ ውስጥ፣ ሜክሲኮ ድንበር ላይ ባለችው አንቴሎፕ ዌልስ ኬላ ያልቃል። ርዝመቱ ወደ 4,300 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ አብዛኛው ኮረኮንችና የጫካ መንገድ ነው። የመመዝገቢያ ክፍያ፣ ሽልማትም ሆነ አጃቢ መኪና የለውም። ጋላቢው ምግቡን ራሱ ይገዛል፣ ካቴናው ቢበጠስ ራሱ ይጠግናል፣ የመሸበት ያድራል፤ ተኝቶም ሰዓቱ ይቆጥርበታል። የቴሌቪዥን ስርጭት ስለሌለ ተመልካች እጅ ላይ ያለው ካርታ ላይ የምትንቀሳቀስ ነጥብ ብቻ ናት። ነጥቧን ማየት ለማንም ቀላል ነው። የምትለውን መረዳት ግን ዘዴ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ አሳስቼ ካነበብኳት በኋላ የደረስኩበትን ነው እዚህ የምጽፈው።

መጀመሪያ ሰዓቱን ማስተካከል ነው። ውድድሩ የሚጀምረው በጁን ወር ሁለተኛው አርብ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሁልጊዜ የሰኔ የመጀመሪያው አርብ ይሆናል። ከባንፍ እስከ አንቴሎፕ ዌልስ ያለው መንገድ በሙሉ አንድ ዓይነት ሰዓት ይጠቀማል፤ በዚያ ወቅት ከአዲስ አበባ በ9 ሰዓት ወደ ኋላ ነው። በሀገራችን አቆጣጠር ለማንበብ የምጠቀምበት አቋራጭ አለ፦ እነሱ በሚሉት ሰዓት ላይ 3 መደመር። እዚያ ከጠዋቱ 8 ሲባል እኛ ዘንድ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። እዚያ ከምሽቱ 10 ሲል እኛ ዘንድ ነግቶ 1 ሰዓት ሆኗል። ስለዚህ ኢትዮጵያ ላለ ሰው ጥሩው መመልከቻ ጠዋት ነው፤ ማን አስፋልት ዳር እንዳረፈ፣ ማን ሌሊቱን ሊገፋ እንደወጣ ከቁርስ በፊት ይታወቃል።

ነጥቦቹን የማየው ትራክሊደርስ በሚባለው ገጽ ላይ ነው። ገጹ የጋላቢውን ቦታ፣ የመጨረሻ ምልክት የላከበትን ጊዜና በመንገዱ ላይ ምን ያህል ርቀት እንደሄደ ያሳያል። ኢንተርኔት ደካማ ከሆነ ካርታውን ትቶ የስም ዝርዝሩን ብቻ መክፈት ይሻላል፤ የሳተላይት ፎቶ ያለበት ካርታ ዳታ ይበላል።

ነጥቧ ከየት እንደምትመጣ ሳይገባኝ ነበር ለብዙ ጊዜ የምከታተለው፤ ትልቁ ስህተቴም ከዚያ መጣ። ጋላቢዎቹ የሚይዙት መሣሪያ ባብዛኛው ስፖት ወይም የጋርሚን ኢንሪች ነው። ሁለቱም በጂፒኤስ ቦታቸውን አውቀው በሳተላይት ይልካሉ፤ የተለመደው ልክ በየ10 ደቂቃው አንድ ጊዜ ነው። ስፖት የሚጠቀመው የግሎባልስታርን ሳተላይቶች ሲሆን እነሱ የተቀበሉትን ምልክት መልሰው ወደ ምድር ጣቢያ ከመላክ ውጪ ሥራ የላቸውም። መሣሪያው መልእክቱ መድረሱን አያውቅም፤ ልኮ ዝም ነው። ጥቅጥቅ ባለ ጥድ ውስጥ ወይም ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ሁለት ሦስት ምልክት ተከታትሎ ቢጠፋ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ፊቱ ወደ ሰማይ ካልሆነ፣ ወይም ጋላቢው የዝናብ ጃኬቱን ከላዩ ጠቅልሎ ካሰረበትም እንደዚያው።

ባትሪው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የስፖት የቅርብ ሞዴሎች 4 ትናንሽ ሊቲየም ባትሪ ይወስዳሉ። ተራ አልካላይን ባትሪ ያስገባ ሰው ሞንታና ላይ ብርድ ሲመጣ መሣሪያው ቶሎ ይደክምበታል። ባትሪ ሲቀየር መሣሪያው ይጠፋል፤ ከዚያ ማብራት ብቻ አይበቃም፣ የክትትል ቁልፉን እንደገና መጫን ያስፈልጋል። ነዳጅ ማደያ በር ላይ፣ እንቅልፍ እያዳፋው ባትሪ የሚቀይር ሰው የሚረሳው ይህንኑ ነው። ነጥቧ ከተማ ውስጥ ከቆመች በኋላ ለ8 ሰዓት ድምፅ ካጣች፣ ከዚያም 150 ኪሎ ሜትር ርቃ ብቅ ካለች የሆነው ይሄ ነው ብዬ እወስዳለሁ። በተጨማሪ መሣሪያው እንቅስቃሴ ካልተሰማው መላኩን ያቆማል። ሌሊት የጠፋ ምልክት እንግዲህ በአብዛኛው እንቅልፍ ነው።

ፍጥነቱን በተመለከተ፣ ገጹ ላይ የሚታየውን ቁጥር አላምነውም። በሁለት ምልክቶች መሃል ያለው ርቀት በቀጥታ መስመር ሲለካ፣ መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ በ12 የሚሄድ ሰው በ6 የሚሄድ ይመስላል። ተቃራኒውም አለ፦ መንገዱ ዞሮ ወደራሱ በሚጠጋበት ቦታ ገጹ ጋላቢውን በስህተት ወደፊተኛው መስመር ይወረውረውና በአንድ ጊዜ 20 ኪሎ ሜትር የዘለለ ይመስላል። ነጥቧ በዋና አውራ ጎዳና ላይ በ90 ስትበር ከታየች ግን ሰውየው መኪና ላይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ አቋርጧል ማለት ነው። ቢሆንም ወዲያው አልፈርድም። ብስክሌቱን ለማስጠገን ከመንገዱ ወጥቶ፣ ከወጣበት ቦታ ላይ ተመልሶ መቀጠል ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ሥራ ልግባ። ሁለት ጋላቢዎች ምን ያህል ተራርቀዋል ለሚለው ጥያቄ በኪሎ ሜትር መልስ መስጠት ያሳስታል። ኮሎራዶ ውስጥ ከዴል ኖርቴ ወደ ኢንዲያና ፓስ የሚወስደውን ዳገት እንውሰድ፤ የመንገዱ ሁሉ ከፍተኛ ነጥብ ነው፣ 3,630 ሜትር ገደማ። ዳገቱ ወደ 38 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። መሪው ጫፉ ላይ፣ ሁለተኛው ከሥር ሲሆን በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ቢወጣ ልዩነቱ 3 ሰዓት ከ48 ደቂቃ ነው። ይህንኑ የጊዜ ልዩነት የመጨረሻው አስፋልት ላይ፣ በሰዓት 28 በሚኬድበት፣ ብናስቀምጠው 106 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ካርታው ላይ አንዱ እየራቀ፣ ሌላው እየቀረበ ይመስላል እንጂ የተለወጠ ነገር የለም። ዳገት ላይ ይጠጋሉ፣ ሜዳ ላይ ይራራቃሉ፤ እኔም መጀመሪያ አካባቢ ይህንን እያየሁ «እየደረሰበት ነው» እያልኩ ለሌላው ሰው አውርቻለሁ።

ስለዚህ የማደርገው በመንገዱ ላይ ቋሚ ቦታዎችን መርጦ እያንዳንዱ ጋላቢ በስንት ሰዓት እንዳለፈ መመዝገብ ነው። የምጠቀምባቸው 16 ናቸው፦ የሩስቪል ድንበር፣ ዋይትፊሽ፣ ኦቫንዶ፣ ሄሌና፣ ቢዩት፣ ላይማ፣ ፓይንዴል፣ ሮሊንስ፣ ስቲምቦት ስፕሪንግስ፣ ሳሊዳ፣ ዴል ኖርቴ፣ ኩባ፣ ግራንትስ፣ ፓይ ታውን፣ ሲልቨር ሲቲና ሃቺታ። የከተማውን መግቢያ እንጂ መሃሉን ወይም መውጫውን አልወስድም። መሃል ከተማ ከተወሰደ የምሳና የገበያ ሰዓት ከመንገዱ ሰዓት ጋር ይደባለቃል፤ አንዱ ሱቅ ገብቶ፣ ሌላው ሳይገባ ያልፋልና ንጽጽሩ ይበላሻል።

ምልክቱ በ10 ደቂቃ ልዩነት ስለሚመጣ የማለፊያውን ደቂቃ ማስላት ይቻላል። ለምሳሌ 5፡10 ላይ ከመግቢያው 4 ኪሎ ሜትር ሲቀረው፣ 5፡20 ላይ ደግሞ 1 ኪሎ ሜትር አልፎ ከታየ፣ በ10 ደቂቃ 5 ኪሎ ሜትር ሄዷል፤ 4ቱን በ8 ደቂቃ ጨርሷል፤ ስለዚህ ያለፈው 5፡18 ላይ ነው። በተራ የኤክሴል ሰንጠረዥ ላይ የምይዘው አምድ ስድስት ነው፦ ስም፣ ቦታ፣ ያለፈበት ሰዓት፣ ከፊተኛው ያለው የጊዜ ልዩነት፣ ባለፉት 24 ሰዓታት የሄደው ርቀት፣ ከ1 ሰዓት በላይ የቆመባቸው ጊዜያት ድምር። ከዚህ በላይ ሲጨመር ውድድሩ ሦስተኛ ቀኑን ሳይጨርስ መሙላቱ ይሰለቻል፣ ሰንጠረዡም ይተዋል።

ወደፊት ለመገመት የሚጠቅመው የ24 ሰዓቱ ርቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ማይክ ሆል በ13 ቀን ከ22 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ሲገባ በአማካይ በቀን 308 ኪሎ ሜትር ገደማ ሸፍኗል። እ.ኤ.አ. በ2025 ሮቢን ገምፐርሌ ከ12 ቀን በታች ገብቷል፤ ይህ በቀን ከ358 በላይ ነው። በ25 ቀን የሚገባ ሰው 172 ይበቃዋል። ቁጥሩ መወሰድ ያለበት ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት ላይ ነው፤ እኔ እዚያ ከጠዋቱ 6 ሲል እወስዳለሁ፣ በእኛ ከቀኑ 9። ማታ የተወሰደ ቁጥር የተኛውን ካልተኛው ጋር ያወዳድራል። አንድ ቀን ወርዶ ከታየ ዝም እላለሁ። ሁለት ቀን ተከታትሎ ከ15 በመቶ በላይ ከወረደና የቆመበት ጊዜ ደግሞ ካልጨመረ፣ ሰውየው አካሉ ወይም ብስክሌቱ ተጎድቷል ብዬ እገምታለሁ፤ የጉልበትና ከተረከዝ በላይ ያለው የአኪሊስ ጅማት ሕመም በዚህ ውድድር የተለመደ ነው።

ጭቃውን ለብቻው ላንሳው፣ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ከሁሉም የሚያሳስተው እሱ ነውና። ሞንታና ውስጥ ከላይማ በፊት ባለው መንገድ፣ በዋዮሚንግ ሜዳና ኒው ሜክሲኮ ውስጥ ከኩባ አካባቢ ጀምሮ ያለው አፈር ሲርስ ልክ እንደ እኛ ዋልካ ነው። ጎማው ላይ እየተጠቀለለ ይወፍራል፣ ከፍሬሙ ጋር ይጣበቃል፣ ጎማው መዞር ያቆማል። ጋላቢው በእንጨት እየፋቀ 50 ሜትር ይገፋል፣ እንደገና ይፍቃል፣ ካልሆነም ተሸክሞ ከመንገዱ ዳር ሣር ላይ ይሄዳል። ካምቢዮው ጭቃ ውስጥ እያለ በጉልበት የረገጠ ሰው ካምቢዮውን ከብስክሌቱ ጋር የሚያያይዘውን ማንጠልጠያ ይሰብራል። ካርታው ላይ ይህ የሚታየው በአንድ አካባቢ ያሉ ሦስት አራት ነጥቦች በአንድ ጊዜ ወደ 3 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሲወርዱ ነው። አንዱ ብቻ ከወረደ ችግሩ የራሱ ነው፤ ሁሉም ከወረዱ የአየሩ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ሁኔታ አገልግሎት የዝናብ ራዳር ለማንም ክፍት ነው፤ በሌላ መስኮት ከፍቼ ከነጥቦቹ ጋር አስተያያለሁ። በፀሐይና በነፋስ መንገዱ ቶሎ ስለሚደርቅ፣ 4 ሰዓት ተኝቶ የጠበቀው ከኋላ ተነስቶ ሌሊቱን ሙሉ ሲገፋ ያደረውን ጠዋት ላይ ሊያልፈው ይችላል። ስለዚህ ጭቃ ላይ የቆመ ሰው ተሸነፈ ብሎ መቁጠር ትልቅ ስህተት ነው።

መቆሚያዎችን ለማንበብ ሱቅ የት እንዳለ ማወቅ ግድ ነው። ዋዮሚንግ ውስጥ ካለችው አትላንቲክ ሲቲ በኋላ ታላቁ ዲቫይድ ቤዚን የሚባለው ደረቅ ሜዳ አለ፤ ውሃው ወደ የትኛውም ውቅያኖስ አይፈስም፣ ጥላም የለም። ከፓይ ታውን እስከ ሲልቨር ሲቲ ደግሞ ወደ 300 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ምግብ የማይገኝበት መንገድ ነው። ከእነዚህ በፊት ጋላቢ ሁለት ሰዓት ቢቆም ምግብና ውሃ እየጫነ ነው። በእነሱ ሰዓት ማታ 10 ላይ ደርሶ እስከ ጠዋት 7 ቢቆምም ሰነፈ አይባልም፤ ሱቁ ተዘግቶበት ነው፣ ባዶ እጁን ቢወጣ የባሰ ይጎዳል።

ነጥቧ ሰው በሌለበት ቦታ ብዙ ሰዓት ስትቆምስ? እኔ ያወጣሁት ደንብ ቀላል ነው፦ የእርዳታ ጥሪ የሚጫነው በጋላቢው ጣት ነው። መሣሪያው ላይ ለዚያ የተለየ ቁልፍ አለ፤ ሲጫን ወደ አደጋ ማስተባበሪያ ማዕከል ይሄዳል። ከሩቅ ሆኖ ለፖሊስ መደወል ነፍስ አድን ቡድንን በከንቱ ተራራ ላይ ያስወጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 ካናዳ ክፍል ላይ ዝናብና በረዶ ሲያጠቃ ጋላቢዎች በነፍስ አድን ቡድን መውጣት ነበረባቸው፤ አደጋው እውነተኛ ነው፤ በጎ ፈቃደኞቹን ለእንደዚያ ያለው ሰዓት መቆጠብ ይገባል። የቅርብ ቤተሰብ ከሆናችሁ ግን ከመነሳቱ በፊት ከጋላቢው ጋር ተስማሙ፦ ነጥቧ ስንት ሰዓት ዝም ካለች፣ ለማን ትደውላላችሁ?

ዴንቨርና ኦሮራ የምትኖሩ ሐበሾች ይህን ውድድር በመኪና ደርሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። መንገዱ የሚያልፍበት ሲልቨርቶርን ከዴንቨር 110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በብሬከንሪጅ አድርጎ ወደ ቦሪያስ ፓስ፣ 3,500 ሜትር ላይ ይወጣል። ዳገት ላይ መቆም ጥሩ ነው፤ ቀስ ብሎ ስለሚመጣ ፊቱን ታያላችሁ፣ «አይዞህ» ለማለትም ጊዜ ይኖራል። ከተገመተው ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ድረሱ፤ ያያችሁት ነጥብ የ10 ወይም የ20 ደቂቃ አሮጌ ስለሆነ ሰውየው ከምታስቡት በላይ ቀርቧል። ውሃ፣ ሙዝ፣ ዳቦ ይዛችሁ አትሂዱ። እንግዳን አለማብላት ለእኛ ከባድ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። የውድድሩ ደንብ ግን ለሁሉም እኩል ያልቀረበ እርዳታን ይከለክላል፤ እሱን ብታበሉት ሌላውን በድላችኋል፣ የእሱንም ውጤት ጥያቄ ውስጥ ከታችኋል። የኋላውን ሰው ርቀት መንገርም ከዚያው ወገን ስለሆነ እተወዋለሁ።

ከሃቺታ እስከ ድንበሩ ያለው የመጨረሻው 73 ኪሎ ሜትር ቀጥ ያለ አስፋልት ነው፤ እዚያ ግምቱ ቀላል ነው፣ ነፋሱን ብቻ ማየት ይበቃል። የመግቢያውን ደቂቃ ግን ከነጥቧ አልወስድም። መሣሪያው የመጨረሻውን ምልክት ልኮ ኬላው በር ላይ እስኪደርስ እስከ 10 ደቂቃ ሊያልፍ ይችላል፤ ሁለት ጋላቢዎች ተቀራርበው ሲገቡ ይህ ደረጃ ይቀይራል። ውጤቱ በይፋ እስኪወጣ አምዱን ባዶ እተወዋለሁ። ሰንጠረዡን ግን አልዘጋውም፤ መሪዎቹ ገብተው ካረፉ በኋላ ገና ኮሎራዶ ያልደረሱ ብዙ ናቸው፣ የኒው ሜክሲኮ የክረምት ነጎድጓድ የሚበረታውም እነሱ ሲደርሱ ነው። በጁላይ የራዳሩን መስኮት የምከፍተው ለእነሱ ነው።