«ኮሂረንስ»ን ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ማየት

ስለ ትይዩ ዓለማት ከተሠሩት ፊልሞች ውስጥ «ኮሂረንስ»ን የሚያህል ለተመልካቹ አእምሮ ክብር የሚሰጥ አላውቅም። ጄምስ ዋርድ ባይርኪት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው ይህ ፊልም በአምስት ሌሊት፣ በዳይሬክተሩ መኖሪያ ቤት፣ በ50 ሺህ ዶላር ገደማ ተቀረጸ። ስምንት ተዋንያን፣ አንድ ሳሎን፣ አንድ ጨለማ መንገድ፤ በቃ። ያላያችሁት ካላችሁ አይታችሁ ተመለሱ፤ ከዚህ በታች መጨረሻውን ጭምር እናገራለሁ።

ጓደኛሞች ለእራት በተሰበሰቡበት ምሽት ጅራታም ኮከብ ያልፋል። መብራት ይጠፋል። ሰፈሩ በሙሉ ሲጨልም ብርሃን ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ እሱም ያው የራሳቸው ቤት ሆኖ ይገኛል፣ ውስጡም እነሱው።

ተዋንያኑ ስክሪፕት አልተሰጣቸውም። በየቀኑ እያንዳንዱ የሚደርሰው የራሱን ገጸ ባሕርይ የሚመለከት ማስታወሻ ነበር፤ ሌላው ምን እንደተነገረው አያውቅም። ድንጋጤያቸው የእውነት የሚመስለው፣ ንግግራቸውም የሚደራረበው ለዚህ ነው። ስለዚህ የጽሑፍ ትርጉሙን ክፈቱት። አንድ ሰው ብቻውን በሚተርክበት በእኛ አገር የትርጉም ፊልም አቀራረብ ቢታይ ግማሹ ፍንጭ ይጠፋል።

ሁለተኛ ጊዜ ስታዩት ወረቀት አዘጋጁ። መጀመሪያ የሚመዘገበው ሲታጠፉ የሚያበሩት የፕላስቲክ ዘንጎች ቀለም ነው። የእኛዎቹ ሰማያዊ ይዘው ሲወጡ መንገድ ላይ ቀይ ከያዙ «እነሱ» ጋር ይፋጠጣሉ። ቀጥሎ ከእንግዶቹ አንዱ የሆነው የሂው ግንባር ላይ ያለው ቁስል እንዴት እንደታሸገ ተመልከቱ። ከሁሉም በላይ ግን ሳጥኑ፦ በውስጡ የሁሉም ፎቶ አለ፣ ከጀርባው በእጅ የተጻፈ ቁጥር፣ አብሮም የፒንግ ፖንግ ራኬት።

መጀመሪያ ትርጉም የለሽ የሚመስለው ይህ ሳጥን መታወቂያ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው ዳይስ ይጣላል፣ የወጣው ቁጥር ፎቶው ላይ ይጻፋል። ስድስት ገጽ ያለው ዳይስ ለስምንት ሰው ሲጣል 1,679,616 ዓይነት ቅደም ተከተል ይወጣል። ስለዚህ ሁለት ቤቶች አንድ ዓይነት ቁጥር የሚኖራቸው በጣም አልፎ አልፎ ነው። ማንም ማሽን አልሠራም፤ አንድን ዓለም ከሌላው ለመለየት ዳይስ፣ ፎቶና በእጅ የተገኘ ዕቃ በቃ። የፊልሙ ብልሃት ሁሉ እዚህ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ብዙ ተመልካች የሚደናገረው «ትክክለኛው ቤት» የቱ እንደሆነ ሲፈልግ ነው። አይገኝም። ጨለማውን ያቋረጠ ሰው የሚመለሰው ወደ ወጣበት ቤት ሳይሆን ዕድል ወዳደረሰው ቤት ነው፣ ምርጫ የለውም። ወደዚያ ብርሃን ወዳለው ቤት ሄደው የነበሩት ሂውና አሚር ከተመለሱበት ደቂቃ ጀምሮ ገበታው ላይ የተቀመጡት ከአንድ ቤት መሆናቸውን ማረጋገጥ አይቻልም።

ሳይንሱን በተመለከተ፣ የፊዚክስ ሊቁ ሂው ኤቨረት እ.ኤ.አ. በ1957 ባቀረበው የብዙ ዓለማት ትርጓሜ፣ ሊሆን የሚችለው ሁሉ በየራሱ ዓለም ይሆናል፤ እነዚህ ቅርንጫፎች አንዴ ከተለያዩ አይገናኙም። ትልቅ ነገር ከአየርና ከብርሃን ጋር ስለሚነካካ የኳንተም ጥምረቱ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ በብዙ ሁኔታ መገኘቱ፣ ወዲያው ይፈርሳል፤ በሽሮዲንገር የሐሳብ ሙከራ ላይ ያለችውን ድመት በአንድ ጊዜ ሞታም ሕያውም ሆና የማናያት ለዚህ ነው። የፊልሙ ርዕስ የዚያ ያልፈረሰ ጥምረት ስም ነው። ባይርኪት የጠየቀን አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጅራታሙ ኮከብ እስኪያልፍ ድረስ ጥምረቱ አልፈረሰም ብላችሁ ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ ሕጉን አያዛባም።

ኤሚሊ ፎክስለር የምትጫወታት ኤም ከጅምሩ ሕይወቷ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ በዳንስ ሥራዋ ተጠባባቂ ሁኚ ስትባል አመነታች፣ ቦታውን የያዘችው ሌላ ሴት ዝነኛ ሆነች። ስለዚህ በመስኮት በመስኮት እየተመለከተች ሰላም የሰፈነበትን ቤት ስትመርጥ አይገርምም። የዚያን ቤት ኤም መትታ ቦታዋን ትወስዳለች። የመጀመሪያውን ትዕይንት አስታውሱ፦ ኤም መኪና ውስጥ ከፍቅረኛዋ ከኬቨን ጋር በስልክ እያወራች የስልኳ መስታወት ይሰነጠቃል። የመጨረሻውም ስልክ ነው። ነግቷል፣ ኬቨን አጠገቧ ቆሟል፣ ስልኩ ይጮኻል። የደወለችለት ኤም ናት።