የሁዳዴ እንቁላል

ስሙ የተመሰገነ ይሁን። ይህ ምስክርነት ደሴ ያሉ የማኅበራችን አባት ስላገኙት ምሕረት ነው። የጉበት ካንሰር ታመው፣ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና እንዲጀምሩ የተቀጠሩት ሁዳዴ መግቢያ ላይ ነበር። የጸለይነው ዕጢው እንዲጠፋ ነው። መልሱ የመጣው ግን ባላሰብነው በኩል፣ በንስሐ አባታቸው አፍ ነው፦ «ዘንድሮ ትእዛዝህ መብላት ነው።»

ጤነኛ ጉበት ለሌሊት የሚሆን ስኳር ያስቀምጣል። ብዙ ጊዜ ከጉበት ካንሰር ጋር የሚገኘው ሲሮሲስ፣ ማለትም የጉበት ጠባሳ፣ ያጠነከረው ጉበት ግን ጎተራው ባዶ ነው፤ አንድ ሌሊት ሳይበላ ማደር ጤነኛ ሰው ሁለት ሦስት ቀን የመጾሙን ያህል ይጎዳዋል። ሰውነት ስኳር ለመሥራት የራሱን ጡንቻ ያፈርሳል። በዚህ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲጾም አስቡት! ጡንቻቸው የሳሳ የጉበት ካንሰር ታማሚዎች ጨረር ከወሰዱ በኋላ ዕድሜያቸው ሊያጥር እንደሚችል በጥናት ታይቷል። ደግሞም ጉበት ማጽዳት ያቃተውን፣ አሞኒያ የተባለውን መርዝ በማስወገድ የሚያግዘው ጡንቻ ነው፤ ጡንቻው ሲያልቅ መርዙ አንጎልን ይነካና በሽተኛው ቀን ይተኛል፣ ይቃዣል።

ሚዛን ላይ አትመኑ። ሆድ ውሃ ሲቋጥር ኪሎው ባለበት ይቆማል፣ ባትና ጭን ግን ያልቃሉ። የልብስ ሰፊ ሜትር ይበልጣል፤ የባት ዙሪያ ለወንድ ከ34፣ ለሴት ከ33 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ያሠጋል። እኒህ አባት 31 ነበሩ። እጅን ደረት ላይ አጣምሮ ከወንበር አምስት ጊዜ መነሣትና መቀመጥ ከ15 ሰከንድ በላይ ከፈጀም ጉልበቱ ደክሟል ማለት ነው፤ እሳቸው 19 ፈጀባቸው።

ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ1.2 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል፤ ለ58 ኪሎ ሰው ከ70 እስከ 87 ግራም ይሆናል። ሁለት እንቁላል 12፣ ሁለት ብርጭቆ ወተት 16፣ 100 ግራም የበሰለ ሥጋ 25፣ 200 ግራም የበሰለ ምስር 18 ግራም ይሰጣሉ። ወተቱን በየማለዳው የምታመጣው ሙስሊም ጎረቤታቸው ነበረች፤ «አብሽሩ» ብላ፣ ዱዓዋን ጨምራ። ወሎ እንዲህ ነው።

ትልቁ ቁም ነገር የማታው ነው። ሊተኙ ሲሉ 70 ግራም ያህል በሶ፣ በወተት በጥብጦ መስጠት፤ 50 ግራም ያህል ኃይል ሰጪ ምግብ ይገኝበታል። ነቅተው ሳሉም ከሦስትና አራት ሰዓት በላይ ባዶ ሆድ አይቆዩ። ደሴና አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ፤ የተቀቀለ እንቁላል ሳይያዝ መኪና አይገባም። ጠበሉም አልቀረም፤ በባዶ ሆድ በጆግ መጠጣቱ ቀርቶ እየተረጩ ጥቂት ተጎንጭተው ወዲያው ይበሉ ነበር።

ጨረሩ ያቅለሸልሻል። የማስታወክ መከላከያውን ሐኪሙ ባዘዘው ሰዓት፣ ከጨረሩ በፊት መዋጥ እንጂ ካስመለሱ በኋላ መሯሯጥ ዋጋ የለውም። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት ቫይረስ ያለበት ሰው ቫይረሱን የሚገታውን መድኃኒት፣ ቴኖፎቪሩን፣ አንድ ቀንም አያስተጓጉል፤ በጨረር ጊዜ ቫይረሱ ሊነሣ ይችላል። የወፍ በሽታ መድኃኒት እየተባለ የሚሰጠውን ሥራሥር ግን አደራ እንዳትሰጡ፣ ጉበቱን ሊጨርሰው ይችላል። ሆድ ድንገት ካበጠ ወይም ሰውነት ከከሳ ለጨረር ክፍሉ ይነገር፤ የሰውነት ቅርጽ ሲለወጥ ጨረሩ ከታለመለት ቦታ ሊዛነፍ ስለሚችል ዕቅዱ እንደገና ይሠራል።

መብላት ብቻውን ጡንቻ አይሆንም። በቀን ሦስት ጊዜ፣ አሥር አሥር ጊዜ ከወንበር እየተነሡ ይቀመጡ ነበር።

ዕጢው ጠፋ አንልም። በመጨረሻው ምርመራ አላደገም፤ ሕመሙ ቀሏል። ጨረሩን አንድ ቀን ሳያቋርጡ ፈጸሙ፣ ባታቸው 33 ደረሰ፣ የወንበሩን በ13 ሰከንድ ጨረሱ። መስከረም 21 ቀን የግሸን ማርያምን ዳገት አራት ቦታ ዐርፈው ወጡና ስለታቸውን አደረሱ። በየዕረፍቱ ከከረጢታቸው በሶ ያወጡ ነበር።